የጋሽ አይቆምም የቤት ሰርቨር

ባለቤቴን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ አይቆምም» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ የፈለገው እሱ ራሱ ነው። ማንም ደውሎ «ጋሼ፣ ማሽኑ ሊቆም ነው እንዴ?» ካለው፣ ጥያቄውን እንኳ ሳያስጨርስ «አይቆምም!» ብሎ ስልኩን ይዘጋበታል። መብራት ቢጠፋ አይቆምም። ጣራው ቢያፈስ አይቆምም። ልጃችንን ስወልድ ሆስፒታል ድረስ ደውለው አስጠሩትና ኮሪደሩ ላይ ሆኖ «አይቆምም አልኳችሁ እኮ!» እያለ ሲጮህ፣ ሐኪሟ ስለ እኔ ምጥ የሚያወራ መስሏት ክው አለች። ይህን ታሪክ እሱ ባለበት ማውራት ክልክል ነው። አሁን ግን የለም፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል።

ዕድሜውን የጨረሰው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። ሰርቨር ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም የገባኝ ተጋብተን ብዙ ከቆየን በኋላ ነው። የሌሎቹን ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ የጠየቁትን የሚያቀብል፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ማሽን ማለት ነው። እሱ ከቆመ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ይላል። የባለቤቴ ሥራ እንግዲህ እንዳይቆም መጠበቅ ነበር። ክፍሉ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ተብሎ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሰው በሙቀት ሸሚዙን በሚፈታበት ሰሞን የኔ ባል ወፍራም ግራጫ ሹራብ በክንዱ አንጠልጥሎ ነው ከቤት የሚወጣው። ጎረቤት እስኪለምደው ድረስ ብዙ ታምቷል።

ጆሮውንማ ተዉት። የማራገቢያ ድምፅ ሲሰማ ኖሮ ጆሮው ሌላ ነገር ሆኗል። ራት እየበላን ድንገት ማንኪያውን አየር ላይ ያቆምና «ፍሪጁ ድምፁን ቀይሯል» ይላል። «አንተ ሰውዬ» እለዋለሁ፣ «እኔ ድምፄን ከቀየርኩ ስንት ዘመኔ ነው፣ ያንን ሰምተኸው ታውቃለህ?» እሱ ግን ተነስቶ ከፍሪጁ ኋላ ገብቷል።

በሥራው ላይ አንድ የታወቀበት ነገር ነበረው። የክፍል ኃላፊዎች ሰርቨር መያዝ እንደ ትልቅ ወንበር ነው የሚያዩት። አንዱ ስላገኘ ሌላውም ይፈልጋል። ታዲያ ደረታቸውን ነፍተው «ለክፍሌ የራሱ ሰርቨር ይግባልኝ» ብለው ሲመጡ እሱ አያፍርም፤ አስቀምጦ ይጠይቃቸዋል። ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየተራ? ቢቆም «ምነው ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ ማነው? በተለይ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቀልድ አያውቅም። ለሱ መልስ ያጣ ሰው ሰርቨር አያስፈልገውም፤ ደህና ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ አለቀ። ስንቱ ኃላፊ ከዚያ ክፍል ተኮሳትሮ ወጥቷል! ማታ ማታ እነሱን እየመሰለ ሲያወራልኝ እኔ ስፌቴን ይዤ ሆዴን እስኪያመኝ እስቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ያለችው እዚሁ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሱን ሥራ ሁሉ እሷና እኔ ሰምተን ጨርሰናል። ጥያቄዎቹን ከእንቅልፌም ብትቀሰቅሱኝ በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

ከዚያ ጡረታ መጣ። እሱ በሚወጣበት ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ማሽኖቹን ነቅሎ አገልግሎቱን ከውጭ መከራየት ጀመረ። «ሁሉ ነገር ደመና ላይ ወጣ» አለኝ፤ የሚከራዩትን እንዲያ ነው የሚጠሩት። «ዝናብ ቢመጣስ?» አልኩት ላስቀው ብዬ። አልሳቀም። አበባ ሰጡት፣ አጨበጨቡለት፣ ሹራቡን በፌስታል ይዞ ቤቱ ገባ። በሩ ኋላ ካለው መስቀያ ላይ ሰቀለው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ ዕረፍት ነው ያየሁት። ጉድ መኖሩን ያወቅሁት አንድ ቀን ስልኬ ጠፍታብኝ ስፈልጋት፣ ጓዳ ቆሞ በኔ ስልክ ወደ ራሱ ስልክ ሲደውል ያገኘሁት ጊዜ ነው። ባለቁልፏ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸች። አወጣትና አያት። «ትሠራለች ለካ» አለ። ያ ስልክ ድሮ ራት የማያስበላን፣ ሠርግ ላይ የሚያስነሳን ስልክ ነበር። አንጀቴን በላው፤ ግን ምን ይባላል? «አዎ፣ ትሠራለች» ብዬ ተቀበልኩት።

እዚህ ላይ ልጃችን ደረሰችልን። ባሏ ሥራ ያገኘው ሩቅ ከተማ ነው፤ አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሚጣ እንላታለን። ሚጣ አፏን መፍታት በጀመረችበት ሰሞን ልጃችን ኮምፒውተር ገዝታ ላከችልን፤ በምስል እንድንነጋገር ብላ። እኔም እሱም የምንይዘው ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ የኔ ዓይን ለእነዚያ ለሚዳሰሱት ስልኮች አይሆንም። በተራ ስልክ ደግሞ ሚጣን ማናገር ማለት ግድግዳ ማናገር ነው። «ሚጣዬ ደህና ነሽ?» ስትሏት ጭጭ። «እማማን ትወጃለሽ?» ጭጭ። ከኋላ እናቷ «ራሷን እየነቀነቀች ነው እማዬ፣ አዎ እያለችሽ ነው» ትላለች። ራስ ነቅናቂ ልጅ በስልክ ምን ትሆንልኛለች!

ኮምፒውተሩ ከገባ ወዲህማ ቤታችን ነፍስ ዘራ። አመሻሽ ላይ እኔ መኪናዬን አቆማለሁ፣ እሱ ወንበሩን ያስተካክላል፣ ሚጣ ብቅ ትላለች። ጥርሷን እንቆጥራለን። እሱ እንደ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ እንደ ድመት ያዛጋል፣ ያ ኃላፊ የሚፈራው ሰው! «እማማ» ማለት ቀድማ ስለቻለች እኔ ትንሽ ኮራሁ፤ አልዋሽም፣ አበሸቅኩትም። «አባባ» ግን አልመጣም። እናቷ ቀኑን ሙሉ ታለማምዳታለች፣ እሱ እዚህ ይጠብቃል።

አንድ ቀን እናቷ «ዛሬ ተዘጋጁ» አለችን። ሚጣ መሀል ላይ ቆመች፣ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፣ ትንፋሽ ሰበሰበች፣ «አባ…» ስትል ስክሪኑ ጥርግ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። አፕዴት እያደረግሁ፣ ማለት ራሴን እያደስኩ ነው፣ አታጥፉኝ የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ቁጥሩ መቶ እስኪሞላ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ልጃችን በስልክ ደውላ «ሰማህ አባዬ? አለችህ እኮ! ደጋግማ አለችህ!» እያለች ትጮሃለች። አልሰማም። ሚጣ አያቷን የጠራችው በእሷ በኩል የጨለመ ስክሪን ላይ ነው።

የባለቤቴ ፊት ጥቁር አለ። «እኔ ፊት ማሽን ቆመ» አለ። «እኔ ቤት! ሰው እያወራ እያለ ፈቃድ ሳይጠይቅ ራሱን አጥፍቶ የሚያበራ ሲስተም እኔ ቤት አይቀመጥም።» በማግስቱ ጠዋት ሹራቡን ለብሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጭንበት ነው።» ኮምፒውተሩን ከውስጥ የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም ማለቱ ነው፤ ለቤት የሚሠራ አለ፣ ለሰርቨር የሚሠራ አለ። ለሙከራ በነፃ የሚሰጠውን አውርዶ ፍላሽ ላይ ይዞታል።

«ለኛ ቤት? ለሁለት ሽማግሌ?»

«ሰርቨር ሳይጠየቅ አይጠፋም፣ የኔ እመቤት።» የኔ እመቤት ካለኝ ነገሩ ያለቀ ነው ማለት ነው።

እኔም ዝም አላልኩም። በልጅነቴ የሠራሁበትን የልብስ ፋብሪካ አስታወስኩት። የፋብሪካ የስፌት መኪና እንደ ጥይት ነው የሚፈጥነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይደክመውም፤ ግን የሚያውቀው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። የቁልፍ ቀዳዳ ሥራልኝ ብትለው አፍጥጦ ያይሃል። ለቤት የሚሆነው የኔ ዓይነቷ ናት፣ ቀስ ብላ ሁሉንም የምትሞክር። እሱ «ኮምፒውተር እንደ ስፌት መኪና አይደለም» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ሹራቡን ሳይ ተውኩት።

ጫነው። በመጀመሪያ ዋይፋዩ እምቢ አለ፤ ሰርቨር በገመድ ነው እንጂ በአየር አይሠራም ብሎ ነው መሰለኝ ያንን ክፍል አብረው አላስገቡለትም። ፈልጎ አስገባው፣ ደስ አለው። ቀጥሎ ድምፅ የለም። «ሰርቨር ክፍል ውስጥ ማን ዘፈን ይሰማል? ዘግተውት ነው የሚልኩት» አለኝ እየሳቀ። ከፈተው። ያን ሰሞን ዓይኑ በርቶ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ጠዋት ተነስቶ ይላጫል። እኔም ይሁን፣ ይጫወትበት፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር።

ካሜራው ላይ ስንደርስ ነው ጉድ የፈላው። የሚያሠራውን ፕሮግራም ሲያስገባ «ለዚህ ዓይነት ሲስተም አልተሠራሁም» ይላል። የምንደውልበት ፕሮግራምም ያንኑ። የልብስ ልኬቴን የማትምበት ፕሪንተር ደግሞ ጭራሽ እንደማያውቀን ሆነ። በሌላ መንገድ ሞከረ፣ ከዚያ በሌላ። ቀን ቀንን ወለደ። ሰው ፊት የማይቆም፣ የማይተኛ፣ የማይጠፋ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ኮምፒውተር አለን፤ ሚጣ ግን የለችም።

ጥያቄውንስ? ላጥፋው ካላችሁት «ለምን?» ይላል፤ እውነቴን ነው። የምታጠፋው ታቅዶ ነው ወይስ ሳይታቀድ? ምክንያትህን ምረጥ፤ አስተያየትህን ጻፍ። እኔ መብራት ይቆጥራል ብዬ ላጠፋው ስሄድ የኮምፒውተር ፍርድ ቤት እቆማለሁ! በመጀመሪያ በትሕትና «መሽቷል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ «ደክሞኛል»። በሦስተኛው «ምን አገባህ?» ብዬ ጻፍኩለት። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ አነበበና ደነገጠ።

«አንቺ! ይሄ እኮ ይመዘገባል!»

«ይመዝገብ! የሚያነብ ካለ ይምጣና ይክሰሰኝ!»

የሚያነብ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታሰበኝም።

ወደ ባለቁልፉ ስልክ ተመለስን። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሚጣዬ፣ አባባን ታውቂዋለሽ?» ይላል። ጭጭ። «እየነቀነቀች ነው አባዬ» ትላለች ልጃችን። «እየነቀነቀች ነው ትላለች» ይለኛል እኔን፣ እኔ እንዳልሰማሁ። ስልኩን ሲዘጋ «ነገ ካሜራው ይሠራል» ይላል። ነገ መጣ፣ ነገ ሄደ።

አንድ ቀን ልጃችን ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ነገረችን። ሰፈራቸው ያለ ሱቅ ውስጥ አንድ ሽበታም ሰውዬ አሉ፣ ለሚጣ ከረሜላ ይሰጧታል። «ዛሬ እሳቸውን አባባ አለቻቸው እኮ! እጃቸውን ይዛ አልለቅም አለች» አለችን። ስልኩን የያዘው እሱ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ጨዋ ልጅ ናት» ብሎ ሳቀና ስልኩን ሰጠኝ። ሄዶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ምንም አልነካም፤ ዝም ብሎ ማራገቢያውን ያዳምጥ ነበር።

እኔ በዚያች ሌሊት አንድ ነገር ወሰንኩ። ይህ ሰው እልኸኛ ነው፤ እኔ ብለምነው፣ ልጁ ብታለቅስለት «አይቆምም» ከማለት አይመለስም። ማንንም አይሰማም፣ ከራሱ በቀር። እንግዲያው ራሱን ላሰማው አልኩ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ስፌቴን አቆምኩ። መነጽሬን አጠለቅሁ፣ ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩና «ኃላፊ፣ ይቀመጡ» አልኩት።

«ምን?»

«ለክፍልዎ ሰርቨር እፈልጋለሁ ብለው መጥተዋል አይደል? ይቀመጡ።»

ገባውና ፈገግ አለ። እንደነዚያ ኃላፊዎች ደረቱን ነፋ፣ የሌለውን ክራባቱን አስተካከለ። ጨዋታ ነው ያደረገው። እኔም ጨዋታ ነው ያደረግሁት፣ እግዜር ያውቃል።

«ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?»

«ሁለት። አንዷ ነገረኛ ናት።»

«በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየተራ?»

«ነገረኛዋ ወንበሩን ከለቀቀች በየተራ።»

«ቢቆም፣» አልኩ፣ ድምፄን የሱን አስመስዬ፣ «ምነው ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ማነው?»

አፉን ከፈተ። መልሱን እየፈለገ ግራ ቀኝ አየ፣ የሆነ ሰው ከበሩ የሚገባ ይመስል። ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ። ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው።

«ማንም» አለ።

ረታሁት። የምፈልገውን መልስ አገኘሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ማንም አይጠይቅም» አለ እንደገና፣ ለራሱ። «እኔም ከቆምኩ ወዲህ የጠየቀኝ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ይደውላሉ ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ማሽን፣ የቱ ገመድ የቱ ጋ እንደሚገባ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ አንድ ቀን ይቸግራቸዋል ብዬ ነበር። አልቸገራቸውም። እኔ ሳልኖር ምንም አልቆመም። ይሄ ነገር ሲያጉረመርም ግን…» ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ፣ «ገና ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኛል።»

ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ተነስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና በለበሰው ሹራብ እጅጌ ዓይኔን ጠረግሁ፤ የኔን ቀሚስ ላለማቆሸሽ ነው ብዬዋለሁ በኋላ።

«እኔን ሰው አልቆጠርከኝም?» አልኩት። «ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ ስትዘገይ መስኮቱ ላይ የምሰቀለው እኔ አይደለሁም እንዴ? ሌሊት ማንኮራፋትህን ስታቆም የምነቃው ማነው? ምነው ቆመ ብዬ በክርኔ የምደቁስህ ማነው?»

«አንቺ ነሽ የምትደቁሺኝ? ፍራሹ መስሎኝ!»

ሳቅን። ሁለታችንም ዓይናችን እርጥብ ነው። ከዚያ ያልኩት ግን ቀልድ አልነበረም። «አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «ያቺ ልጅ ጠርታሃለች። ሰው ጠርቶሃል። አንተ ግን ጠሪዋን ትተህ ማሽኑን እየጠገንክ ነው። በአንተ ስም ሌላ ሰው እየተጠራ ነው።»

ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረና አጥፋ የሚለውን ነካ። የለመድኩት ጥያቄ መጣ፦ ታቅዶ ነው ወይስ ሳይታቀድ? ጣቱ እዚያ ላይ ቀረ።

«ምን ልበለው?»

«እውነቱን።»

«ታቅዶ» ብሎ መረጠ። ከዚያ አስተያየት የሚጻፍባት ቦታ ላይ በአንድ ጣቱ፣ እየፈለገ፣ «በጡረታ» ብሎ ጻፈ። አየኝ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ወርዶ ቆመ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥ ብሎ ጆሮውን አሾለ፤ ልማዱ ነው።

«ፍሪጁ ደህና ነው» አለ።

በነጋታው ሹራቡን በሩ ኋላ ሰቅሎ የቤቱን ሲስተም መልሶ ጫነ። ካሜራው ወዲያው በራ፣ ፕሪንተሩ ወዳጅነቱን አደሰ። ከዚያ አንድ ቦታ ገባና ሰዓት አስተካከለ። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት። አፕዴት ሲመጣ ሰው በማይሠራበት ሰዓት ብቻ እንዲጭን፣ አመሻሽ ላይ ንክች እንዳያደርግ እያዘዘው ነው።

«ይኼ ብቻ ነበር?» አልኩት።

«ይኼ ብቻ ነበር።»

«እና መጀመሪያውኑ ይህን ብታደርግ ኖሮ?»

«ያኔማ ተናድጄ ነበር» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። በእጄ ያለው መቀስ ነበር፤ አስቀመጥኩት፣ ለሁለታችንም ደህንነት።

አመሻሽ ላይ ደወልን። ልጃችን ብቅ አለች፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሚጣን አቅፋ አመጣቻት። አድጋለች እኮ! ጸጉሯ ሁለት ቦታ ተይዟል፣ አንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጓል። ዓይኗን ትክ አድርጋ አየችን፤ እንግዳ እንደሚታይ ነው ያየችን።

«ሚጣዬ» አለ። «አባባን ታውቂዋለሽ?»

ሚጣ ራሷን ነቀነቀች። እንዴት ያለ መነቅነቅ! አገጯ ደረቷን እስኪነካ፣ ጸጉሯ እስኪዘል። ያን ሁሉ ቀን በስልኩ ውስጥ እንዲህ ስትመልስልን ኖራለች ማለት ነው።

«በይ ንገሪው! አባባ በይ!» አለች እናቷ። እምቢ። ጫማዋን አውልቃ ታሳየናለች። «አባባ በይ እንጂ የኔ ቆንጆ!» ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን አዞረች።

«ተያት፣ ልጄ፣ አታስጨንቂያት» አለ ባለቤቴ። «እናትሽ ታናግርሽ።» ከወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ዓይኑን ለመደበቅ እንደሆነ አውቄበታለሁ። ከስክሪኑ ወጥቶ፣ በሩ ጋ ሄዶ፣ ለሹራቡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

እኔ ወንበሩ ላይ ሳልደላደል ሚጣ ዞር አለች። እኔን አየች። ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ቀርባ መጣችና ግንባሯን ካሜራው ላይ ለጠፈችው፤ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ግንባር ሆነ። ከዚያ ግንባር ውስጥ ድምፅ መጣ።

«አባባ?»



«አባባ የታል?» አለች፣ አሁን ተቆጥታ። «እማማ! አባባ የታል?»

ሰውዬው ከበሩ እንዴት እንደመጣ አላየሁም። የስፌት መኪናዬን በጉልበቱ ሲመታና ክሮቼ ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ ብቻ ሰማሁ። «አለሁ!» ይላል እየሮጠ፣ እያነከሰ፣ እንባው እየወረደ። «አለሁ የኔ እናት! አልቆምኩም፣ እዚሁ ነኝ!» ወንበሩን ሊለምነኝ እንኳ አልቆየም፤ በክንዱ ገፍቶኝ ፊቱን ስክሪኑ ላይ ደቀነ።

እኔም ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ክሮቼን ስለቅም ቆየሁ።